ለዳሌ ችግር ፊዚዮቴራፒ በጎንደር፦ ሆስፒታል፣ የግል ክሊኒክ፣ ቤት ለቤት ወይስ ወጌሻ?

ዳሌው የታመመ ሰው ያለበት ቤት ምክር አያጣም። አንዱ ዘመድ «ሪፈራል ውሰዷት» ይላል። ሌላው እጁ መድኃኒት የሆነ ወጌሻ ያውቃል። ጎረቤት የግል ክሊኒክ ይጠቁማል። ልጆች ደግሞ ከስልካቸው የስፖርት ቪዲዮ ያሳያሉ። ሁሉም ከልባቸው ነው። ግን ቤተሰቡ ሲያመነታ ሳምንታት ያልፋሉ። ያልተንቀሳቀሰ ጭን ይከሳል፣ መገጣጠሚያውም ይደርቃል።

እዚህ የማወዳድረው ጎንደር ከተማና አካባቢዋ ለሚኖር ሰው ያሉትን የፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም በእንቅስቃሴ የሚሰጥ የማገገሚያ ሕክምና፣ አማራጮች ነው። የትኛውንም ክሊኒክ በስም ጠርቼ አላሞግስም። ስም ይለወጣል፣ ባለሙያም ይዛወራል። አቋሜን ግን ከአሁኑ ልናገር። ለዳሌ የሚበጀው ቦታ ብዙ ማሽን የተደረደረበት አይደለም። መርምሮ የሚጀምር፣ እንቅስቃሴውን እያሳደገ የሚሄድ፣ እናንተም ሳታቋርጡ ሦስት ወር ልትዘልቁበት የምትችሉት ነው።

መጀመሪያ ሕመሙ ይታወቅ

«ዳሌዬን አመመኝ» የሚል ሁሉ የታመመው የዳሌ መገጣጠሚያው ላይሆን ይችላል። የመገጣጠሚያው ሕመም ብዙ ጊዜ የሚሰማው ብሽሽት ላይ ነው። ካልሲ ሲያጠልቁ ወይም ባጃጅ ውስጥ እግር ሲያስገቡ ይብሳል። አንዳንዴ ጉልበት ላይ ብቻ ይሰማል። የጉልበት ራጅ ተነስቶ ምንም ካልተገኘ ዳሌውም ይታይ። በጎን ሲተኙ የሚያመው፣ ከዳሌ ውጭ በኩል ያለው፣ አብዛኛውን ጊዜ የጅማት ችግር ነው። ከመቀመጫ ተነስቶ እስከ እግር ጣት የሚወርደው ደግሞ ከወገብ ሊሆን ይችላል። ለእያንዳንዱ የሚሰጠው እንቅስቃሴ የተለያየ ነው። ስለዚህ ያልታወቀ ሕመም ይዞ ስፖርት መጀመር ጊዜ ማባከን ነው።

ከፊዚዮቴራፒ በፊት በቀጥታ ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶችም አሉ። አዛውንት ወድቀው መቆም ካቃታቸው፣ በተለይ እግራቸው አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ፣ ስብራት ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። አትሹ፣ አትጎትቱ፣ «እስቲ ትንሽ ይራመዱ» አትበሉ። የዳሌ ስብራት ኦፕራሲዮን በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ቢሠራ ይመረጣል። ከትኩሳት ጋር የመጣ የዳሌ ሕመም፣ በድንገት ማነከስ ወይም እግሩን አላስነካ ማለት የጀመረ ሕፃንም ቀጠሮ የሚጠብቅ ጉዳይ አይደለም። ሌሊት እያላበው የሚከሳ ሰው ይመርመር፤ ቲቢ ሳንባን ብቻ ሳይሆን ዳሌንም ይይዛል። ስቴሮይድ የሚባለውን የብግነት ማስታገሻ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የወሰደ ወይም መጠጥ የሚያበዛ ጎልማሳ ብሽሽቱን ካመመው፣ የጭን አጥንቱ ራስ ደም አጥቶ እየሞተ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ራጅ ይህን ላያሳይ ስለሚችል፣ ራጁ ደህና ነው ተብሎ ሕመሙ ከቀጠለ ተመልሶ መታየት ያስፈልጋል።

በምን እንመዝን?

መጀመሪያ የሚጠየቀው *ማን ነው የሚያክመው* የሚለው ነው። በፊዚዮቴራፒ የተመረቀና የሙያ ፈቃድ ያለው ሰው መሆን አለበት። ነጭ ጋዋን ለብሶ ማሸት የሚችል ሁሉ ፊዚዮቴራፒስት አይደለም። ፈቃዱን መጠየቅ ነውር የለውም።

*የመጀመሪያው ቀን ምርመራ* ከሁሉም በላይ ይናገራል። ጥሩ ባለሙያ አልጋ ላይ ከማስተኛቱ በፊት ያስኬዳችኋል። ከወንበር እንዴት እንደምትነሱ ያያል፤ በእጅ ተደግፋችሁ ነው ወይስ በጭናችሁ ጉልበት? በአንድ እግር ያቆማችሁና ዳሌያችሁ ወደ ተነሳው እግር በኩል ይወርድ እንደሆነ ይመለከታል። ይህ ከወረደ የቆማችሁበት እግር የመቀመጫ ጡንቻ ደክሟል ማለት ነው። ከዚያ ጉልበታችሁን አጥፎ ጭናችሁን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ያዞራል፤ ሁለቱን እግሮች ያወዳድራል። ራጁንና የኦፕራሲዮኑን ወረቀት ያነባል። ሽንት ቤታችሁ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ደጃችሁ ደረጃ እንዳለው ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። ገብታችሁ ወዲያው የሙቀት ማሽን ሥር ካስተኟችሁ ግን ያየሁት በቃኝ ብላችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ሦስተኛው፣ *እንቅስቃሴው ያድጋል ወይ?* ሙቀት፣ የኤሌክትሪክ ንዝረትና ማሸት ሕመሙን ለሰዓታት ሊያስታግሱ ይችላሉ። ጡንቻ ግን አይገነቡም። በአራተኛው ሳምንት የምትሠሩት ከመጀመሪያው ሳምንት ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ ገንዘባችሁ ለእፎይታ እንጂ ለማገገም አልዋለም።

*መድረስ* ጎንደር ላይ ቀላል መለኪያ አይደለም። ከተማዋ ዳገትና ቁልቁለት ናት። ባጃጅ የማይገባበት ድንጋያማ ቅያስ ውስጥ የሚኖር ሰው፣ በክረምት ጭቃ በክራንች ወደ ዋናው መንገድ መውጣቱ ራሱ ሊጥለው ይችላል። ክሊኒኩ ፎቅ ላይ ከሆነና ሊፍት ከሌለው፣ ኦፕራሲዮን ከሆነች ጥቂት ሳምንት ለሞላት እናት አማራጭ አይደለም።

*ዋጋ* ሲባል የአንድ ቀን ክፍያ ብቻ አይደለም። የአንዱን ቀን ክፍያ፣ የባጃጅ ኮንትራት ደርሶ መልስና አስታማሚው ከሥራ የሚቀርበትን ደምሩ። ከዚያ በሳምንት በምትሄዱበት ቀን ብዛት፣ ያንንም በ12 ሳምንት አባዙት። አንዳንዴ ርካሽ የመሰለው ይወደዳል፣ ቤት ድረስ የሚመጣው ይቀላል። ቁጥሩን ወረቀት ላይ አስፍራችሁ ካልሆነ በግምት አይታወቅም።

በመጨረሻም ባለሙያው ከአጥንት ሐኪሙ ጋር ይገናኛል ወይ? ይህ የሚያስፈልገው በተለይ ብረት ለገባለት ወይም መገጣጠሚያው ለተቀየረለት ሰው ነው። እግሩ ላይ ምን ያህል ክብደት ይጣል የሚለውን የሚወስነው የሠራው ሐኪም ነው።

ሆስፒታል

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ትልቁ ጥቅሙ ሁሉም በአንድ ግቢ መገኘቱ ነው። የአጥንት ሐኪም፣ ራጅና ፊዚዮቴራፒ እዚያው አሉ። ዩኒቨርሲቲው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን የሚያስተምር ስለሆነ በተማሪና በመምህር የመታየት ዕድል አላችሁ። ይህን እንደ ጉዳት የሚያዩ አሉ፤ እኔ ግን ጥቅሙ ያመዝናል እላለሁ። ተማሪ ጊዜ ሰጥቶ ይመረምራል፣ መምህሩም ከኋላ ቆሞ ያርማል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ከሆናችሁ ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ ያለ ሪፈር በቀጥታ ከሄዳችሁ ከኪሳችሁ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። ፊዚዮቴራፒው በመድህኑ ይሸፈን እንደሆነ ካርድ ስታወጡ ጠይቁ።

ጉድለቱ ወረፋና የቀጠሮ መራራቅ ነው። ዛሬ ያያችሁ ባለሙያ በሚቀጥለው ላይኖር ይችላል። ለዚህ መፍትሔው አንድ ደብተር ነው። የተሰጣችሁን እንቅስቃሴ፣ ስንት ጊዜ እንደምትሠሩ፣ የት ላይ እንደሚያማችሁ ጻፉበት። አዲስ የሚያያችሁ ሰው ከዜሮ አይጀምርም።

የግል ክሊኒክ

ቀጠሮው ይቀላል፣ ሰዓቱ ይከበራል፣ ብዙ ጊዜም አንድ ሰው ይከታተላችኋል። ሥራ ላለው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ከክሊኒክ ክሊኒክ ልዩነቱ ሰፊ ነው። በሳምንት አምስት ቀን ኑ፣ ለ20 ቀን በአንድ ላይ ክፈሉ የሚል ቦታ ካጋጠማችሁ ቆም በሉ። እንቅስቃሴው ቤት የሚሠራ ከሆነ በየቀኑ መመላለስ ለምን አስፈለገ? በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ታይቶ የቀረውን ቀን ቤት መሥራት ለአብዛኛው የዳሌ ሕመም ይበቃል። ይህን በግልጽ ለመናገር የሚደፍር ክሊኒክ እምነት ይጣልበታል።

ቤት ለቤት

ከኦፕራሲዮን በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ከዚህ የሚሻል አላውቅም። ባለሙያው ራሱ አልጋችሁን፣ ደጃፋችሁን፣ ሽንት ቤታችሁን ያያል። የኔ እናት ከኦፕራሲዮን በኋላ ሆስፒታል ውስጥ በዎከር (በሁለት እጅ የሚያዝ የመራመጃ ድጋፍ) ጥሩ ትራመድ ነበር። ቤት ስትገባ ግን ከአልጋዋ መነሳት አቃታት። ቤት ድረስ የመጣው ልጅ ገና ከበር ሲገባ ምክንያቱን አየው፤ ፍራሹ በጣም ዝቅ ያለ ነበር። ከፍራሹ ሥር ሌላ ፍራሽ አስደረገበት። በዚያው ቀን በእጇ ተደግፋ ተነሳች። በየሳምንቱ ከፍታውን እየቀነሰ፣ ጭኗም እየጠነከረ ሄደ። ክሊኒክ ውስጥ ይህን ማን ያይ ነበር?

ጉድለቱ ዋጋውና ቁጥጥሩ ነው። የሚመጣው ሰው የት እንደሚሠራ፣ ፈቃድ እንዳለው አረጋግጡ። እግር ሲያብጥ ወይም ቁስሉ ፈሳሽ ሲያወጣ ወደ ማን እንደሚልካችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከኦፕራሲዮን በኋላ ባት አብጦ ካመመ ወይም ትንፋሽ ድንገት ካጠረ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ቤት ውስጥ በራስ መሥራት

ይህ በእውነቱ ተለይቶ የሚመረጥ ነገር አይደለም። የትኛውንም ብትመርጡ ሥራው የሚሠራው ቤት ነው። ለብቻው የሚበቃው ሕመሙ ታውቆ፣ አንድ ባለሙያ እንቅስቃሴውን አሳይቶ፣ በየሦስት አራት ሳምንቱ ሲያስተካክልላችሁ ነው። በጀርባ ተኝቶ ጉልበት አጥፎ መቀመጫን ከፍ ማድረግ፣ ጠረጴዛ ይዞ ቆሞ እግርን ወደ ጎን ማውጣት፣ ከወንበር ያለ እጅ መነሳትና መቀመጥ፤ ለመገጣጠሚያ ማርጀት የሚሰጡት አብዛኞቹ እንደነዚህ ያሉ ቀላል ነገሮች ናቸው። ስትሠሩ ትንሽ ቢያም ችግር የለውም። ሕመሙ በማግስቱ ጠዋት ካልረገበ ግን አብዝታችኋል፤ ቀንሱ እንጂ አታቁሙ። የዩቲዩብ ቪዲዮ ለማስታወስ ይጠቅማል፤ ምርመራን ግን አይተካም።

ስለ ወጌሻ

ወጌሻ ቅርብ ነው፣ ቤተሰብን ያውቃል፣ ተስፋ ይሰጣል። ሰዎች የሚሄዱት አላዋቂ ስለሆኑ አይደለም። ግን ለዳሌ አይሆንም፤ ይህን ሳላለሰልስ እናገራለሁ። የዳሌ መገጣጠሚያ በወፍራም ጡንቻ የተሸፈነ ነው፤ የአጥንቱን ስብራት በእጅ ዳብሶ ማወቅ አይቻልም። የጭን አጥንት አንገት ሲሰበር ሲጎተትና ሲታሽ ቦታውን የበለጠ ይስታል፣ ወደ አጥንቱ ራስ የሚሄደው ደም ሊቋረጥ ይችላል። የተቀየረ መገጣጠሚያ ሲጠመዘዝ ሊወልቅ ይችላል። አጥብቆ የታሰረ እግር ደም አጥቶ እስከ መቆረጥ የደረሰባቸው ሰዎች በአገራችን ሆስፒታሎች ይታወቃሉ። ቤተሰቡ ወጌሻውን ካመነ፣ መጀመሪያ ራጅ ይነሳ በሉ። ስብራት፣ ብረት ወይም ኢንፌክሽን ካለ እጅ አይነካውም።

ጠበል ከሕክምናው ጋር አይጣላም። የኦፕራሲዮኑ ቁስል እስኪደርቅ ውሃ እንዳይነካው፣ በሚያንሸራትት ድንጋይ ላይም ሰው ደግፎ እንዲያቆማችሁ ብቻ ተጠንቀቁ። ጾም ላይ ከሆናችሁ ምስር፣ ሽሮና ባቄላ ከገበታ አይጥፋ፤ ጡንቻ ያለ ፕሮቲን አይመለስም። ሕመሙ ከባድ ከሆነ ስለ ጾሙ የንስሐ አባትን ማማከር ነው።

በአጭሩ ሲነጻጸሩ

| አማራጭ | ምርመራ | ክትትል | መድረስ | ጠቅላላ ወጪ | ይበልጥ የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|---|
| ሆስፒታል | ጠንካራ፤ ሐኪምና ራጅ እዚያው | ቀጠሮ ይራራቃል፣ ሰው ይቀያየራል | መጓጓዣና አስታማሚ ይፈልጋል | ዝቅተኛ፤ መድህን ከሸፈነው የበለጠ ዝቅተኛ | ስብራት፣ ኦፕራሲዮን፣ ያልታወቀ ሕመም |
| የግል ክሊኒክ | እንደ ባለሙያው ይለያያል | አንድ ሰው፣ የተወሰነ ሰዓት | ደረጃና ዳገት ይታይ | መካከለኛ፤ በየቀኑ ከሆነ ከፍተኛ | ሥራ ያለው፣ መራመድ የሚችል |
| ቤት ለቤት | ቤቱን ጭምር ያያል | በጣም ጥሩ | ችግር የለም | ከፍተኛ፤ ለጥቂት ሳምንት ብቻ ከሆነ ይቻላል | አዲስ ኦፕራሲዮን የሆኑ አዛውንት |
| በራስ፣ በባለሙያ ምክር | በሌላ ቦታ ካለቀ በኋላ | በየሦስት አራት ሳምንቱ | ችግር የለም | ከሁሉም ዝቅተኛ | የመገጣጠሚያ ማርጀት፣ የማገገሚያው መጨረሻ |
| ወጌሻ | የለም | የለም | ቅርብ | ጉዳት ካደረሰ ከሁሉም ውድ | ለዳሌ አይመከርም |

ቤቱን ማስተካከል

ይህን ክፍል ብዙ መመሪያዎች አይነኩትም። እኛ ቤት ግን ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው። መገጣጠሚያቸው ከኋላ በኩል ተከፍቶ የተቀየረላቸው ሰዎች፣ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ዳሌያቸውን ከ90 ዲግሪ በላይ እንዳያጥፉ፣ እግር እንዳያጣምሩ፣ ጣታቸውን ወደ ውስጥ እንዳያዞሩ ይነገራቸዋል። አሁን ቤታችንን እናስብ። ቡና የሚፈላው ዱካ ላይ ተቀምጦ ነው። መደቡ ዝቅ ያለ ነው። ሽንት ቤቱ ቁጢጥ ያስብላል። ስግደትም አለ። ሁሉም ዳሌን ከ90 ዲግሪ በላይ ያጥፋሉ።

ዱካውን ትታችሁ እጅ መደገፊያ ያለው ከፍ ያለ ወንበር አዘጋጁ፤ ቡናውን ሌላ ሰው ያፍላ። ለሽንት ቤት ከፕላስቲክ ወንበር መሀሉ ተቆርጦ ጉድጓዱ ላይ ይቀመጣል። እግሮቹ እንዳይንሸራተቱ በደንብ ይደላደል፣ ግድግዳው ላይም መያዣ ብረት ይመታ። ስግደቱ ሐኪሙ እስኪፈቅድ በቆሙበት ራስን ዝቅ በማድረግ ይሁን። ምንጣፍና የተዘረጋ ገመድ ከመንገድ ይነሳ። ሌሊት ወደ ደጅ የሚወጣ ሰው መብራት ይኑረው። ዳሌው የተሰበረበት ሰው ድጋሚ የመውደቅ ዕድሉ ትልቅ ስለሆነ ይህ እንደ መድኃኒቱ ይቆጠር።

ምርኩዝ ወይም ከዘራ የሚያዘው ከታመመው ዳሌ በተቃራኒው እጅ ነው። ቀኙ ከታመመ በግራ እጅ። ብዙ ሰው በታመመው በኩል ይይዘዋል፤ ያ ሸክሙን አይቀንስም። ደረጃ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የታመመው።

ለማን የትኛው?

ወድቀው ኦፕራሲዮን ለሆኑ እናት ወይም አባት፦ ሐኪሙ ከፈቀደ በማግስቱ መነሳት ይጀመር። አልጋ ላይ መቆየት የአልጋ ቁስልና የሳንባ ምች ያመጣል። አቅም ካለ የመጀመሪያውን ወር ቤት ለቤት፣ ከዚያ ሆስፒታል። አቅም ከሌለ ከመውጣታችሁ በፊት አስታማሚው ባለሙያው ፊት ቆሞ ማንሳትና ማስራመድ ይማር። ባለሙያውን አስፈቅዳችሁ እንቅስቃሴውን በስልክ ቅረጹት።

የመገጣጠሚያ ማርጀት ላለበት፣ ገና ለሚሠራ ሰው፦ የግል ክሊኒክ ለጥቂት ቀን፣ ቀሪው ቤት። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን የጡንቻ ማጠንከሪያ፣ በሌላው ቀን ሜዳ ላይ መራመድ። ክብደት ካለ መቀነስ ብዙ ያቀላል። «አልሠራልኝም» ለማለት ቢያንስ 8 ሳምንት ስጡት።

በአደጋ ወይም በኳስ ለተጎዳ ወጣት፦ መለኪያው የሕመም መጥፋት ብቻ አይሁን። ሁለቱ እግሮች እኩል እስኪጠነክሩ ወደ ሜዳ አትመለሱ።

ከደባርቅ፣ ከጭልጋ ወይም ከመተማ ለሚመጣ፦ መመላለስ አይቻልም። ከተማ ዘመድ ካላችሁ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት እዚህ ቆዩ። ቀጣዩ በደብተሩ እየተመራችሁ ቤት ይሁን። ለክትትል የምትመጡበትን ቀን ሐኪሙ ከሚያያችሁ ቀን ጋር አንድ እንዲያደርጉላችሁ ጠይቁ። ዩኒቨርሲቲው የማኅበረሰብ አቀፍ ተሃድሶ ፕሮግራምም (አካል ጉዳት ያለባቸውን በየሰፈራቸው የሚያግዝ) አለው፤ ወደ ወረዳችሁ ይደርስ እንደሆነ ፊዚዮቴራፒ ክፍሉን ጠይቁ።

አዲስ አበባ ሄዶ መገጣጠሚያውን ለሚያስቀይር፦ ለማገገሚያው እዚያ ወራት መክረም የግድ አይደለም። ኦፕራሲዮኑ እዚያ፣ ፊዚዮቴራፒው እዚህ ሊሆን ይችላል። በመኪና ስትመለሱ መንገዱ በጣም ረጅም ስለሆነ መቼ መጓዝ እንደምትችሉ ሐኪሙን ሳትጠይቁ አትነሱ፤ በመንገድ ላይም እየቆማችሁ ተራመዱ። ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ ሦስት ነገር በጽሑፍ ተቀበሉ፦ በየት በኩል ተከፍቶ እንደተሠራ፣ እግሩ ላይ ምን ያህል ክብደት እንደሚጣል፣ የትኛው እንቅስቃሴ እስከ መቼ እንደተከለከለ። ያለዚህ ወረቀት ጎንደር ላይ ያለው ፊዚዮቴራፒስት በግምት ለመሥራት ይገደዳል።